ጦሩ መቼ ከዳ? ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ

  የዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ስለ ጦርና ስለ አዛዥ ነው። ወታደር ክፉ ቀን ሲመጣ ከአዛዡ ጎን የሚቆመው ለምንድን ነው? ያው ወታደር ያንኑ አዛዥ በሌሊት ጥሎት የሚሄደውስ ምን ሲደርስበት ነው? መልሱን ፍለጋ ሩቅ አገር አንሄድም። ከወረታ መገንጠያ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ ይዘን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብንጓዝ ደብረ ታቦር እንገባለን። አንድ ጦር እንዴት እንደሚገነባና እንዴት እንደሚፈርስ በዚያች ከተማና በዙሪያዋ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ታይቷል።

(አጭር የማሲንቆ ዜማ)

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንጠይቅ። ደብረ ታቦር ላይ የከተመ ጦር የሚበላው ከየት ነበር? ከተማዋ ደጋ ናት። በሺህ የሚቆጠር ወታደር፣ ያንን የሚያህል ፈረስና በቅሎ፣ ከዚያም ሚስቶች፣ ልጆች፣ ገረዶችና አገልጋዮች ሲጨመሩ ደጋው ብቻውን አይችላቸውም። እህሉና ከብቱ የሚመጣው ከዙሪያው ወረዳዎችና ከታች ካለው ሜዳ ነው፤ ርብና ጉማራ በየክረምቱ እየሞሉ ጥቁር አፈር ከሚያለብሱት ከፎገራ ሜዳ። ያን ጊዜ ፎገራ ሩዝ አያውቅም። ሩዝ የመጣው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጤፉ፣ ኑጉ፣ ሽንብራው ግን ነበረ፤ የፎገራ ከብትም ነበረ። ስለዚህ የደብረ ታቦር ጦር ደኅና መሆን አለመሆኑን መጀመሪያ የሚያውቀው ቤተ መንግሥቱ አልነበረም። የፎገራና የደራ ባላገር ነበር፤ ወታደሩ እህሉን ገዝቶት ነው የሚሄደው ወይስ ቀምቶት?

በዘመነ መሳፍንት ወታደር ደመወዝ አልነበረውም። በጋ ይዘምታል፣ ክረምት ሲገባ ተሰሪ ሆኖ ባላገር ቤት ይሰፍራል፤ ባላገሩም እስከ መስከረም ይቀልበዋል። ወታደሩ ለጌታው የሚታዘዘው ጌታው የሚዘረፍ አገር ስለሚሰጠው ነው። ጌታው ከተሸነፈ፣ ከተያዘ ወይም ከሸሸ ጦሩ በዚያው ቀን ይበተናል፤ በማግሥቱ ለአሸናፊው ያድራል። ይህን ወታደሩን ለመውቀስ አልናገርም። ሌላ የሚያስረው ነገር ስላልነበረ ነው።

በ1834 ዓ.ም. እዚያው ደብረ ታቦር ላይ የሆነውን ልብ በሉ። የሰሜኑና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ በደብረ ታቦር የተቀመጡትን ገዥ ራስ ዓሊን ሊያወርዱ ጦራቸውን ይዘው መጡ። ውቤ ብዙ ጠመንጃ ነበራቸው፤ ራስ ዓሊ የሚተማመኑት በፈረሰኛ ነበር። ጠመንጃው አሸነፈ፣ ራስ ዓሊም ሸሹ። የውቤ ጦር ድሉን ሊያከብር ተቀመጠ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። ከዓሊ ወገን የነበሩት ብሩ አሊጋዝ በዚያ ሰዓት ደረሱና ውቤን ከነድላቸው ማረኳቸው። አሸናፊው ጦር ተሸናፊ ሆነ፤ የሸሹት ዓሊም ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱ። አዛዡ ሲያዝ ትእዛዝ የሚሰጥ ሁለተኛ ሰው የለም፣ ሌሊቱን ዘብ የቆመ የለም፣ ወታደሩም ለማን እንደሚዋጋ ግራ ይገባዋል። የዚያ ዘመን ጦር እንዲህ ነበር።

ከዚህ የተለየ ጦር ለማቆም የተነሱት የቋራው ካሣ ኃይሉ ናቸው፤ በኋላ ዳግማዊ ቴዎድሮስ የተባሉት። ካሣ በቋራ ቆላ ሸፍተው ሳሉ ከሀብታም የዘረፉትን ገንዘብ ለባላገሩ እያከፋፈሉ ማረሻ እንዲገዛበት ያደርጉ ነበር። ከተከታዮቻቸው ጋርም ዱር መንጥረው አርሰዋል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሌላው ሽፍታ የባላገሩን ጎተራ ሲገለብጥ እሳቸው የባላገሩ ጎተራ እንዲሞላ ፈለጉ። በዚያ ዘመን ያርሱ የነበሩት ሰዎች ናቸው በኋላ የጦራቸው እንብርት የሆኑት።

በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፆች ጋር ገጠሙ። ግብፆቹ ምሽግ ይዘው በመድፍ መቷቸው፤ የካሣ ጦር ክፉኛ ተጎዳ። ሌላ መስፍን ቢሆን ሽንፈቱን በዕድል ወይም በክህደት ያሳብብ ነበር። ካሣ ግን ያዩትን ተማሩበት፤ የሠለጠነና በሥርዓት የሚታዘዝ ትንሽ ጦር ብዙ ፈረሰኛ እንደሚያቆም ተረዱ። ከዚያ በኋላ ሰዎቻቸውን በሥርዓት ለማሠልጠን ጣሩ። ውጤቱም ብዙ አልዘገየም። በኅዳር 1845 ጉር አምባ ላይ የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ወደቁ። በሰኔ 1845 አይሻል ላይ ራስ ዓሊ ተሸነፉ፣ የየጁ መሳፍንቱ የእነ ዓሊ ዘመንም አበቃ። በየካቲት 1847 ደግሞ ደረስጌ ላይ ውቤ ተያዙ። ካሣም ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ሲነግሡ ያደረጉትን ልንገራችሁ። ከየአውራጃው የመጣውን ወታደር አደባልቀው በአንድ ክፍል አሰለፉት። የጎንደሩ፣ የየጁው፣ የጎጃሙ ልጅ በየጌታው ጥላ ሥር መሆኑ ቀርቶ በሃምሳ አለቃ፣ በመቶ አለቃና በሺህ አለቃ ሥር ሆነ። እነዚህን ማዕረጎች እስከ ዛሬ ድረስ በሠራዊታችን እንጠራቸዋለን። ወታደሩ ደመወዝ እንዲከፈለው፣ የሚበላውንም ገዝቶ እንዲበላ፣ ባላገሩን እንዳይዘርፍ አዘዙ። በዚያው ዓመት ዋልተር ፕላውደን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስል ስለዚህ ሥርዓት እየተደነቀ ለመንግሥቱ ጽፏል። ንጉሡ ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር፣ ወደ ጎጃምና ወደ መቅደላ መንገድ ማስጠረግም ጀመሩ።

እንግዲህ አስቡት። የፎገራ ባላገር ተሰሪ ቤቱን ሳያጨናንቀው፣ ወታደሩም ገበያ ወርዶ በገንዘቡ እህል ሲሸምት። ይህ ቢዘልቅ ኖሮ የአገራችን ታሪክ ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

(ዜማ)

ለምን አልዘለቀም? ብዙ ሰው «ንጉሡ ተቆጡ፣ ጨከኑ» ብሎ ያልፈዋል። ቁጣው ነበረ፤ ከቁጣው በፊት ግን የገንዘብ ነገር አለ። ደመወዝ ያለ ግብር አይከፈልም። ግብር የሚሰበሰብበት መሬት ደግሞ ሰፊው ክፍል የቤተ ክርስቲያን ነበር። በ1848 ንጉሡ ከካህናቱ ጋር በዚህ ተነጋገሩ፤ አልተስማሙም። በ1852 ለየቤተ ክርስቲያኑ ጥቂት ትተው የቀረውን መሬት ወሰዱ። ካህናቱ ከዚያ በኋላ ንጉሡን በየአደባባዩ ማውገዝ ያዙ፤ ጳጳሱ አቡነ ሰላማም በ1856 ታሰሩ። ወታደሩ የሚያየውን ልብ በሉ። ንስሐ አባቱ የሚያወግዙትን ንጉሥ ነው የሚያገለግለው። ደመወዙም ይዘገያል። ዘመቻው ደግሞ አያቋርጥም፤ ከወሎ ወደ ሸዋ፣ ከሸዋ ወደ ጎጃም፣ ከጎጃም ተመልሶ ወሎ። ጦሩ ያለፈበት አገር ጦሩ ሲሄድ እንደገና ይሸፍታል።

በ1857 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ ወጣቱ ምኒልክ ንጉሡ ካስቀመጧቸው ከመቅደላ አምባ አምልጠው ሸዋ ገቡ። ጎጃም በተድላ ጓሉ፣ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ እጅ ነበር። ለንጉሡ የቀረላቸው በጌምድርና ዙሪያው ነው። ያ ሁሉ አገር ይቀልበው የነበረ ጦር አሁን የተጫነው በጌምድር ላይ ብቻ ሆነ፤ በደብረ ታቦር፣ በፎገራ፣ በደራ፣ በሊቦ ላይ። ሕግ አውጪው ንጉሥ ራሳቸው ያወጡትን ሕግ የሻሩት በዚህ ጊዜ ነው። ዝርፊያ ተፈቀደ፤ እየቆየም ታዘዘ።

በ1858 ሰኔ ግድም ጦሩ ጣና ዳር ቆራጣ ሰፍሮ ሳለ ኮሌራና ተስቦ ገባበት። ንጉሡ ሠፈሩን ነቅለው ወደ ደብረ ታቦር ወጡ። በኅዳር 1859 ወርደው ጎንደርን አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ተዘረፉ። የቆራጣና የምጥራሃ ሕዝብም ከዝርፊያውና ከእሳቱ አላመለጠም። ጎንደርን እንዲያቃጥል የታዘዘው ወታደር የማን ልጅ ነው? ከጦሩ ውስጥ የጎንደር፣ የደምቢያ፣ የበጌምድር ልጅ ሞልቶ ነበር። ክርስትና የተነሳበትን ቤተ ክርስቲያን ችቦ ይዞ እንዲገባበት፣ የአክስቱን ጎተራ እንዲከፍት ነው የታዘዘው። አዛዥ ወታደሩን ከወገኑ ጋር ሲያጣላው ወታደሩ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ብዙዎቹ ወገናቸውን መረጡ።

ቅጣቱንም እንመልከት። አንድ ወታደር ሲከዳ ዘመዱ፣ የድንኳን ጓደኛው፣ አለቃው አብሮ ይቀጣ ጀመር። ንጉሡ ይህን ያደረጉት ጓደኛ ጓደኛውን እንዲጠብቅ ብለው ነው። የተገኘው ግን የተገላቢጦሹ ነው። ጓደኛህ ሌሊት ጠፍቶ ከነቃህ ንጋት ላይ አንተ ልትጠየቅ ነው። ለመክዳት ያላሰብክ እንኳ ብትሆን ጀንበር ሳትወጣ መጥፋት አለብህ። አንድ ሰው ሲከዳ አሥር የሚከተለው በዚህ ምክንያት ነው። ከፍርሃት የሚመጣ መታዘዝ ወታደሩ ቀን ቀን ሲታይ ይሠራል፤ ሌሊት የሚያየው ሰው ሲጠፋ ግን ያበቃል። በደኅናው ዘመን ከ60 ሺህ ይበልጥ እንደነበር የሚገመተው ጦር በ1859 ግድም ወደ 10 ሺህ እንደወረደ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። ይህን ሁሉ ሰው ጠላት አልገደለውም። አብዛኛው በእግሩ ሄደ።

ባላገሩም ዝም ብሎ አልተዘረፈም። እህሉን ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረ፣ ከብቱን አሸሸ። ለዝርፊያ የወጣውን ወታደር ከመንገድ እየጠበቀ መታው። ቀድሞ ለጦሩ እህል የሚሸጠው ገበሬ አሁን ጦሩን የሚያሳድድ ሆነ። አንድ የጦር አዛዥ ሞራል መውደቁን ለማወቅ የወታደሩን ፊት ማየት አያስፈልገውም፤ የባላገሩን ጎተራ ቢያይ ይበቃዋል።

አሁን ወደ መጨረሻው ጉዞ ልውሰዳችሁ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ታሪኩ ጨካኝ ንጉሥና ከዳተኛ ጦር ከሚባለው በላይ ነውና።

በ1860 መግቢያ፣ መስከረም ሲያልቅ፣ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሱ። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮጳ ባለ እጆች ያቀለጧቸውን መድፎች ይዘው ነበር፤ ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው ነው። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ይሆናል። ለመድፍ የሚሆን መንገድ የለም። መድፉ በሠረገላ ተጭኖ በመቶ በሚቆጠር ሰው ጉልበት ይጎተታል፤ መንገዱ ግን ከፊቱ መጠረግ አለበት። ደጋው ላይ ይሻላል። ጅጣና በሽሎ ሸለቆ ላይ ሲደርሱ ነው ጉዱ። ሽቅብ ሲሆን ከፊት በገመድ ይሳባል፤ ቁልቁል ሲሆን ግን ከኋላ ጠፍር ይዞ፣ ተረከዙን መሬት ላይ ተክሎ የሚያዘገየው ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ቢያዳልጠው፣ አንድ ጠፍር ቢበጠስ ያ ሁሉ ብረት ከታች ባሉት ላይ ይወርዳል። እንዲህ እየሆነ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በመጋቢት መቅደላ ሥር ደረሱ።

በዚህ ጉዞ ንጉሡ የት ነበሩ? ከሁሉም ፊት። እስረኛቸው የነበረው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ምንም የሚወዳቸው ሰው አልነበረም፤ ስለሳቸው የጻፈውም ብዙው ክፉ ነው። እሱም ቢሆን ንጉሡ ከንጋት እስከ ምሽት በገዛ እጃቸው ድንጋይ ሲያነሱ፣ መሬት ሲደለድሉ፣ ገደል ሲሞሉ እንደነበር መስክሯል። ወታደሩ የንጉሡን እጅ አፈር ላይ ያየዋል። ደመወዝ የለም፣ እህሉ አልቋል፣ ግራና ቀኙ ሽፍታ ነው፣ እንግሊዞችም ከባሕር ወጥተዋል። ሆኖም ጥቂት ሺህ ሰው መድፉን እየጎተተ አብሯቸው ዘለቀ። ይህን ፍርሃት ብቻ አያደርገውም። እንደኔ እምነት ያ ወታደር በዚያ ገደል ላይ የቋራውን ካሣ መልሶ አግኝቷቸዋል፤ ከተከታዮቻቸው ጋር ያርሱ የነበሩትን ሰው። የሚያሳዝነው ያ ሰው የተገኘው አገሩ ሁሉ ከሄደ በኋላ መሆኑ ነው።

ንጉሡ ያሰሯቸውን አውሮጳውያን ሊያስፈታ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር 13 ሺህ ያህል ወታደርና ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ይዞ ከዙላ ወደ ላይ ሲጓዝ ኪሱ ውስጥ የማርያ ቴሬዛ ጥሬ ብር ነበረ፤ እንግሊዞች ለዚህ ዘመቻ ብለው በብዛት ያሰባሰቡት። ሣሩን፣ ገብሱን፣ ሙክቱን፣ ማሩን ሁሉ በብር ገዙ። የትግሬው ካሣ ምርጫ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ መንገድና እህል ፈቀዱላቸው። ባላገሩ ከገዛ ንጉሡ ጦር ጉድጓድ ውስጥ የደበቀውን እህል ለባዕድ ጦር አውጥቶ ሸጠ። ቴዎድሮስ በ1847 ያወጁት ሕግ፣ ወታደር ገዝቶ ይብላ የሚለው፣ በ1860 በጠላታቸው ሠፈር ሲሠራ ተገኘ። እንግሊዞችን ማመስገኔ አይደለም። መቅደላ ሲገቡ ታቦቱን፣ ዘውዱንና የብራና መጻሕፍቱን ዘርፈው ሄደዋል፤ ዛሬም ድረስ እያስመለስን ያለነው እሱን ነው። መንገድ ላይ ሳሉ ግን ዝርፊያ ጦርን እንደሚያራቁት ያውቁ ነበር።

ሚያዝያ 2 ቀን ንጉሡ በቁጣ በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን ገደል አስወረወሩ። በማግሥቱ፣ በዕለተ ስቅለት፣ የንጉሡ የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን ይዘው ከፋላ ተራራ ወደ አሮጌ ሜዳ ቁልቁል ወረዱ። ከፊት የቀደሙት ገብርዬ ራሳቸው ናቸው። ከታች የሚጠብቃቸው ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃና ሮኬት ነው። ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ወደቀ፤ ገብርዬም እዚያው ቀሩ። ከእንግሊዞች ወገን በቁስል የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ገብርዬ ለዚህ ንጉሥ ለምን ሞቱ? እሳቸውም እንደ ንጉሣቸው ከፊት የሚቀድሙ ሰው ነበሩ። ተከትለዋቸው የወረዱት ወታደሮችም አለቃቸው ከኋላ ሆኖ «ሂዱ» ሲላቸው አልሰሙም።

ሚያዝያ 6፣ የትንሣኤ ማግሥት፣ ንጉሡ የቀሩትን ተከታዮቻቸውን ከታማኝነታቸው ነፃ አውጥተው ራሳችሁን አድኑ ብለው አሰናበቱ። ከዚያ በኋላ ራሳቸውን መግደላቸውን ሕፃን አዋቂው ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ጓደኛው ሲከዳ ጓደኛውን ይቀጡ የነበሩ ንጉሥ በመጨረሻዋ ቀን ወታደሩ በሕይወት እንዲሄድ በገዛ አንደበታቸው ፈቀዱ።

(ዜማ)

አድማጮቻችን፣ ይህ ነገር የንጉሥ ዘመን ብቻ አይደለም። በ1948 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ሺልስና ሞሪስ ጃኖዊትዝ የተባሉ ሁለት ምሁራን የጀርመን ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሽንፈቱ እየታየው ለምን እስከ መጨረሻው እንደተዋጋ አጥንተው ነበር። ያገኙት መልስ ከፕሮፓጋንዳ ይልቅ ትንሿን ክፍል የሚመለከት ነው። ወታደሩ አጠገቡ ያሉት ጓደኞቹ እስካሉ፣ አለቃው እስከሚያስብለት ድረስ ይቆማል፤ ያቺ ትንሽ ክፍል ስትበተን እሱም ይበተናል። የእኛው የቃኘው ሻለቃም በኮሪያ ያሳየው ይህንኑ ነው። ከ120 በላይ ሰው ተሰውቶበታል፤ አንድም ምርኮኛ ግን አልሰጠም። ኤስ ኤል ኤ ማርሻል የተባለው አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ በጻፈው መጽሐፉ የኢትዮጵያውያኑን የሌሊት ቅኝት በአድናቆት ተርኮታል። በዚያ ቅኝት መኮንኑ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ሰው ጋር አብሮ የሚወጣ፣ የቆሰለውን ሳይጥል የሚመለስ ነበር።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ በደርግ ጊዜ በሠራዊቱ ውስጥ የነበራችሁ አባቶች የምታውቁት ታሪክ አለ። በየክፍሉ አንድ አዛዥ ብቻ አልነበረም። አዛዡ አለ፣ የፖለቲካ ኃላፊው አለ፣ የወታደራዊ ደኅንነቱ ሰው አለ። ሦስቱም ለየበላዮቻቸው ሪፖርት ይልካሉ። አዛዡ ውጊያ ላይ አንድ ኮረብታ ልቀቅ ለማለት እንኳ «ነገ ምን ይባልብኛል?» ብሎ ያስባል። ወታደሩም ይህን ያያል፤ አለቃው ሌላ ሰው እንደሚፈራ ያውቃል።

በኤርትራ ሻዕቢያን ይወጋ የነበረው ናደው ዕዝ ለዓመታት በናቅፋ ግንባር ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ወታደሩ የሚያከብራቸው የጦር ሜዳ ሰው ነበሩ። በየካቲት 1980 ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለማርያም አሥመራ ሄዱ፤ ጄኔራል ታሪኩ በጥፋተኝነት ተወንጅለው ተረሸኑ፣ ሌሎች መኮንኖችም ከማዕረግ ወረዱ። ከላይ ሆኖ ላየው ይህ ሌላውን አዛዥ የሚያነቃ ቅጣት መስሎ ታይቶ ይሆናል። ምሽግ ውስጥ ያለው ወታደር ግን የሰማው ሌላ ነው፤ አብሮት የቆየውን አዛዥ የገደለው ጠላት አይደለም። ከወር ገደማ በኋላ፣ በመጋቢት 1980፣ የዕዙ መቀመጫ አፍአበት ወደቀች፤ ያ ለአሥር ዓመት ያህል የተገነባ ዕዝ በቀናት ውስጥ ፈረሰ። በእርግጥ አፍአበት የወደቀችው በአንድ ሰው መረሸን ብቻ አይደለም። የዓመታት ድካም አለ፣ ፈቃድ ሳያገኝ የኖረ ወታደር አለ፣ የሻዕቢያም ጥንካሬ አለ። ይሁንና የዚያን ግንባር ምሽግ ጠንቅቆ የሚያውቀውን ሰው በዚያ ወቅት መግደል ምን ማለት እንደሆነ ለወታደር ማስረዳት አያስፈልግም። በግንቦት 1981 ደግሞ ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሳይሳካ ቀረ፤ ሠራዊቱ ከፍተኛ አዛዦቹን በአንድ ጊዜ አጣ። ከዚያ በኋላ በሰሜን ጎንደርም ሆነ በደብረ ታቦር ግንባር የተዋጋው ወታደር በአዲስ አዛዦች ሥር፣ ያለፈውን እያስታወሰ ነው የተዋጋው።

ስለዚያ ዘመን ብዙ መጽሐፍ ተጽፏል። አብዛኛው የተጻፈው ግን በመኮንኖች ነው። ተራው ወታደር፣ ከወረታ፣ ከጅግና፣ ከሻጋ፣ ከአዲስ ዘመን የዘመተው ገበሬ፣ የጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ከቤታችሁ ሆናችሁ የምታዳምጡን የቀድሞ ሠራዊት አባላት፣ አባቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አጠገባችሁ ካለ ወረቀትና እስክሪብቶ ያምጣ። ምግብ ሲታደል አለቃችሁ ከእናንተ በፊት ነበር የሚበላ ወይስ በኋላ? ከቤት የተላከ ደብዳቤ በስንት ጊዜ ይደርሳችሁ ነበር? የዓመት ፈቃድ ማን አገኘ፣ ማን ቀረበት? ሰው ሲቀጣ ጥፋቱ ለሁላችሁ ይነገር ነበር ወይስ ሌሊት ተወስዶ ይቀር ነበር? ስማቸውን እስከ ዛሬ በፍቅር የምታነሷቸው የመቶ አለቃና የሻምበል አዛዦች ምን ያደርጉላችሁ ነበር? ይህን አስጽፉና በአቅራቢያችሁ ባለ ትምህርት ቤት ላለ የታሪክ መምህር አድርሱልን። የታሪክ መምህራንም ይህን ስትቀበሉ የተናጋሪውን ፈቃድ ጠይቁ፤ የዘመተበትን ግንባርና ዓመተ ምሕረቱን ሳትዘነጉ መዝግቡ። የደብረ ታቦሩን ወታደር የሌሊት ሐሳብ የምናውቀው ከእስረኛ ሐኪም ማስታወሻ ነው፤ የእናንተን ግን ከእናንተው ከራሳችሁ መስማት እንችላለን።